የ«መስተዋት» ዘመናትና አንድሬይ ታርኮቭስኪ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በኩል፣ ሳር ቤት በሚባለው ሰፈር በሩሲያዊው ባለቅኔ በአሌክሳንደር ፑሽኪን ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። የፑሽኪን እናት አያት የነበረው አብራም ሃኒባል የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው ሲባል ስለ ኖረ፣ ባለቅኔው ለአዲስ አበባ ሰው እንደ ሩቅ ዘመድ ይቆጠራል፤ ሃኒባል የተወለደው ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ በሎጎን ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ከተነሡ ወዲህም ዝምድናው ከሰው አፍ አልወጣም። ይኸው ፑሽኪን በ1836 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለወዳጁ ለፒዮትር ቻዳዬቭ ጽፎት ሳይልከው የቀረ አንድ ደብዳቤ አለ። ቻዳዬቭ ሩሲያ ለዓለም ሥልጣኔ ያበረከተችው ነገር የለም ብሎ ነበርና፣ ፑሽኪን ሲመልስለት፣ የሞንጎሎችን ወረራ በሰፊ ምድሯ ውጣ በማስቀረት የክርስቲያን አውሮፓን ያዳነች ሩሲያ መሆኗን፣ ከቀረው ዓለም ተለይታ መኖሯም ከዚሁ የመጣ መሆኑን ያስረዳል። ከሌላው የክርስቲያን ዓለም ተለይቶ ለብቻው የኖረን መንግሥት ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ክርክር እንግዳ አይሆንበትም።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ የ12 ዓመት ያህል ልጅ የዚህን ደብዳቤ ክፍል በሞስኮ አፓርታማ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያነብ በአንድ የሶቪየት ፊልም ላይ ይታያል። ልጁ ቤት ብቻውን ቀርቷል። ከየት እንደ መጣች የማትታወቅ አንዲት ሴት ሻይ እየጠጣች ታዳምጠዋለች። ንባቡ ሲያበቃ የበሩ ደወል ይጮኻል፤ ልጁ ሲከፍት በደጃፍ የቆመች አንዲት አሮጊት ቤት እንደ ተሳሳተች ተናግራ ትመለሳለች። አሮጊቷ የገዛ አያቱ ናት፤ ነገር ግን እሱም አላወቃት፣ እሷም አላወቀችው። ልጁ ወደ ውስጥ ሲመለስ እንግዳይቱ ሴት የለችም፤ ትኩሱ ስኒ በጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደው የእንፋሎት ክብ ብቻ ቀስ በቀስ ሲከስም ይታያል። ፊልሙ «መስተዋት» ይባላል፤ ተሠርቶ ያለቀው በ1974፣ ለሕዝብ የታየው በ1975 ነው። አዘጋጁም አንድሬይ ታርኮቭስኪ ነበር።

ይህን ትዕይንት ተመልክቶ ሴቲቱ ማን ናት፣ ነገሩስ በየትኛው ዘመን ነው የሆነው ብሎ ያልጠየቀ ተመልካች ጥቂት ነው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (2008) ያየ ሰው ይህን ዓይነቱን መደናገር በመጠኑ ያውቀዋል። በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር ትዝታው ተሰባብሮ ስለ መጣ፣ ተመልካቹ ከጀርመን የተማሪነት ዘመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ልጅነቱ አብሮት ይጣላል። ሆኖም በ«ጤዛ» የሚያስታውሰው ሰው ፊት ለፊት አለ፤ ታሪኩ የትም ቢሄድ ተመልካቹ ተመልሶ የሚያርፍበት የአንበርብር ፊት አለው። በ«መስተዋት» ግን የሚያስታውሰው ሰው ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይታይም። ድምፁ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ የፊልሙን ቅደም ተከተል የሚፈልግ ሰው የሚይዘው ሌላ መቋጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ያም መቋጠሪያ የሚገኘው በአዘጋጁ ሕይወት ውስጥ ነው።

አንድሬይ አርሴንየቪች ታርኮቭስኪ የተወለደው ሚያዝያ 4 ቀን 1932 በቮልጋ ወንዝ አካባቢ በዛቭራዥዬ መንደር ነው። አባቱ አርሴኒ ታርኮቭስኪ ባለቅኔ ነበሩ፤ የራሳቸው ግጥም ለኅትመት ባለመብቃቱ ግን ለብዙ ዓመታት የሚታወቁት የሌሎችን ሕዝቦች ቅኔ ወደ ሩሲያኛ በመተርጎም ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ሲወጣ ዕድሜያቸው 55 ደርሶ ነበር። እናቱ ማሪያ ኢቫኖቭና ቪሽንያኮቫም የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የተከታተሉ ሲሆኑ፣ ኑሮ ግን በሞስኮ አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት አራሚ አድርጎ አስቀራቸው። በ1937 አባትየው ቤተሰቡን ትተው ሌላ ትዳር ያዙ። አንድሬይ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እህቱ ማሪና ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ማሪያ ኢቫኖቭና ዳግመኛ አላገቡም። ሁለቱን ልጆች በአራሚነት ደመወዝ አሳደጉ፤ በ1941 ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቹንና እናታቸውን ይዘው በቮልጋ ዳር ወደምትገኘው ወደ ዩርየቬትስ ተሰደዱ። አባትየው በበኩላቸው በጦር ሠራዊት ጋዜጣ ዘጋቢነት ዘመቱና በ1943 መጨረሻ እግራቸው ቆስሎ ተቆረጠ። የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ፤ ወደ ማሪያ ኢቫኖቭና ቤት ግን አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ያለው የወጣትነት ዘመኑ ሥርዓት የያዘ አልነበረም። በ15 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ወራት ሆስፒታል ተኛ። በ1951 ዐረብኛ ለመማር የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ገባና ሳይጨርስ ተወው። በ1953 ከማዕድን ፈላጊዎች ቡድን ጋር ወደ ሳይቤሪያ ተጉዞ አንድ ዓመት ያህል በደን ውስጥ በእግር ሲዞር ከቆየ በኋላ፣ በ1954 በሞስኮ የመንግሥት የሲኒማ ተቋም ገብቶ ከሚካኢል ሮም ዘንድ የአዘጋጅነትን ሙያ ተማረ። እዚያው የተዋወቃትን ኢርማ ራውሽን አገባ። በ1962 የመጀመሪያ ልጁ ተወለደ፤ ስሙንም በአያቱ ስም አርሴኒ ብሎ ጠራው። ትዳሩ ብዙም አልጸናም። አንድሬይ ታርኮቭስኪ ልጁን ከእናቱ ጋር ትቶ ሲወጣ፣ እሱ በአምስት ዓመቱ ያየው ነገር በእጁ ተደገመ። «መስተዋት»ን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ቁልፍ ነገር የለም።

ዝናው የመጣው ፈጥኖ ነበር። «የኢቫን ልጅነት» በ1962 በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳን ሲያገኝ አዘጋጁ የ30 ዓመት ሰው ነበር። በዚያው ዓመት የአባቱ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፍ ታተመ፤ አባትና ልጅ በአንድ ዓመት ታወቁ ማለት ነው። ቀጥሎ የሠራው «አንድሬይ ሩብልዮቭ» በ1966 ቢያልቅም ለሶቪየት ሕዝብ የታየው በ1971 መጨረሻ ነው። በእነዚህ ዓመታት ታርኮቭስኪ ሥራ የፈታ፣ ዕዳ የበዛበት፣ የፊልም ጽሑፍ እያቀረበ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ኖረ። በ1970 ከላሪሳ ኪዚሎቫ ጋር ትዳር መሠረተ፤ ሁለተኛው ልጁም በዚያው ዓመት ተወለደ። በ1972 «ሶላሪስ» ታየ።

የ«መስተዋት» ሐሳብ የተጸነሰው በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ነበር። በ1968 ከአሌክሳንደር ሚሻሪን ጋር ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የመጀመሪያው እቅድ በጣም የተለየ ነበር፤ እናቱን ስለ ሕይወታቸው፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት በብዙ ጥያቄ ለመጠየቅና መልሳቸውን ሳያውቁት በስውር ካሜራ ለመቅረጽ አስቦ ነበር። ይህ ቢደረግ ኖሮ ፊልሙ ምናልባት ለመረዳት ቀላል ይሆን ነበር፤ ነገር ግን እናትን ማታለል ይሆን ነበር። ሐሳቡ ቀረ። ቢሮው ጽሑፉን ለዓመታት ይዞ ከቆየ በኋላ ሥራው በ1973 ተፈቀደ። የቀድሞ ፊልሞቹን የቀረጸለት የካሜራ ባለሙያ ቫዲም ዩሶቭ ጽሑፉ ከመጠን ያለፈ የግል ጉዳይ ነው ብሎ ስላልተቀበለው፣ ጊዮርጊ ሬርበርግ ተተካ።

አዘጋጁ የልጅነት ቤቱን አስመስሎ በሌላ ቦታ ለመሥራት አልፈለገም። ቤተሰቡ በ1930ዎቹ በጋውን ያሳልፍበት የነበረው የገጠር ቤት ፈርሶ ነበርና፣ በአሮጌው መሠረት ላይ ከዘመኑ ፎቶግራፎች እየታየ እንደገና እንዲቆም አደረገ። በቤቱ ፊት የነበረው ማሳ በልጅነት ትዝታው ነጭ ሆኖ ይታየው ነበር፤ ሩሲያውያን ግሬችካ የሚሉት ነጭ አበባ የሚያወጣ እህል ይዘራበት ስለ ነበር ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ያ እህል በዚያ መሬት ከተዘራ ብዙ ዓመት እንደ ሆነውና እንደማይበቅል ነገሩት። የፊልሙ ሠራተኞች ማሳውን ተከራይተው ዘሩት፤ እህሉም በቀለ፣ አበበም። ቤቱ ሲያልቅ እናቱን ወደ ቦታው ወሰዳቸው። ማሪያ ኢቫኖቭና በፊልሙ ውስጥ አሮጊቷን እናት ሆነው የሚታዩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ቤት ተሳሳትኩ ብላ የምትመለሰዋም አሮጊት እሳቸው ናቸው።

ፊልሙ ውስጥ ተራኪው አሌክሴይ ይባላል፤ ዕድሜው ወደ 40 የሚጠጋ፣ ከሚስቱ የተለያየ፣ በሕመም አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ነው። ድምፁ የተዋናዩ የኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ ነው። ከዚህ አልጋ ሆኖ ሦስት ዘመን ያስታውሳል። ከጦርነቱ በፊት ያለው የገጠር ቤት፣ የጦርነቱ ዘመን ስደትና ረሃብ፣ ከዚያም እሱ ራሱ ባልና አባት የሆነበት የሞስኮ አፓርታማ ዘመን ነው። መደናገሩ የሚመጣው እነዚህ ተራቸውን ጠብቀው ስለማይመጡ ብቻ አይደለም። ማርጋሪታ ቴሬኮቫ የምትባለው ተዋናይ ወጣቷን እናትም፣ የተራኪውን ሚስት ናታሊያንም ሆና ትጫወታለች። ደብዳቤውን ያነበበው ልጅም እንዲሁ በአንዱ ዘመን የተራኪው ልጅ ኢግናት ነው፤ በሌላው ደግሞ ራሱ ተራኪው በጦርነቱ ጊዜ የነበረው ልጅ ነው። የተራኪውን አባት የሚጫወተው ኦሌግ ያንኮቭስኪ ሲሆን፣ የአምስት ዓመቱን ሕፃን አሌክሴይን የሚጫወተው የገዛ ልጁ ፊሊፕ ነው።

ይህ ሁሉ የተዋናይ እጥረት ወይም የአዘጋጅ መራቀቅ አይደለም። ተራኪው እናቱን በወጣትነቷ ሲያስባት ሁልጊዜ የሚመጣበት የሚስቱ ፊት መሆኑን ለሚስቱ ለራሷ ይነግራታል። ስለዚህ ተመልካቹ የሚያየው የሆነውን ነገር ሳይሆን የሚያስታውሰው ሰው አእምሮ ያደረገውን ነው። ሁለቱን ሴቶች ለመለየት የሚረዳው ቀላሉ ምልክት ጸጉር ነው፤ እናቲቱ ወደ ኋላ ጠቅልላ ታስረዋለች፣ ናታሊያ ትለቀዋለች። ቀለም ግን አያስተማምንም። ብዙ ተመልካች ባለ ቀለሙ ዛሬ፣ ጥቁርና ነጩ ትናንት ነው ብሎ ይጀምርና ይሳሳታል፤ ከጦርነቱ በፊት ያለው የገጠር ቤት አብዛኛው በቀለም የተቀረጸ ሲሆን ቀለም የሚጠፋው ይልቁንም በሕልምና በማተሚያ ቤቱ ትዕይንት ነው። ሌላው ረዳት በየመካከሉ የገቡት እውነተኛ የዜና ፊልሞች ናቸው። በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩት የስፔን ሕፃናት የ1930ዎቹን መጨረሻ ያመለክታሉ። በ1943 የሶቪየት ወታደሮች የሲቫሽን ጥልቅ ያልሆነ ባሕር በጭቃ እየተጎተቱ ሲሻገሩ የሚያሳየው ደግሞ የጦርነቱን ማእከል ያሳያል፤ ያን የቀረጸው የካሜራ ባለሙያ በዚያው ዕለት መሞቱን ታርኮቭስኪ ተርኳል። የቻይናው የባህል አብዮት ሰልፍ ግን ከቀረው ጋር በጽኑ አልተጋጠመም፤ ፊልሙ ከቤተሰቡ ርቆ ለጥቂት ደቂቃ ትምህርት ሰጪ የሚሆነው እዚያ ነው።

ተራኪው ራሱ ግን የጊዜውን ቅደም ተከተል ይጠይቃል። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ስልክ ይደወልና ከእናቱ ጋር ይነጋገራል። ካሜራው ሰው በሌለበት አፓርታማ ክፍል ለክፍል ሲሄድ ሁለት ድምፆች ብቻ ይሰማሉ። ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈር ስም ከሽቦ አልባ የቴሌግራፍ ጣቢያ የመጣ፣ አካል ሳይኖረው ከአየር የሚደርስን ድምፅ ሕዝቡ በራሱ ቃል የሰየመበት ነውና፣ ለዚህ ትዕይንት ከእሱ የተሻለ ስም አይገኝለትም። ልጁ እናቱን አባቱ የሄደው በስንት ዓመት እንደ ሆነ ይጠይቃታል። 1935 ነው ትለዋለች። የድርቆሹ ጎተራ የተቃጠለውስ? እሱም በዚያው ዓመት ነው። በእውነተኛው ሕይወት አርሴኒ ታርኮቭስኪ የሄዱት በ1937 ነበር፤ ፊልሙ የአባትን መሄድና እሳቱን በአንድ ዓመት ያገናኛቸው በልጁ ልብ አንድ ነገር ስለ ሆኑ ነው። ከዚያም እናቲቱ በማተሚያ ቤት አብራት ትሠራ የነበረችው ሊዛ በዚያ ጥዋት መሞቷን ትነግረዋለች። ወዲያው ፊልሙ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይሄዳል። እናቲቱ በዝናብ ስትሮጥ ትታያለች፤ በአንድ አስፈላጊ ኅትመት ላይ አጸያፊ ስሕተት አሳልፋ እንደ ሆነ ፈርታ ነው። በስታሊን ዘመን አንዲት ፊደል ሰው ታጠፋ ነበር። ስሕተቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ፍርሃቷ ሲያልፍ ሊዛ በክፉ ቃል ትወርድባታለች።

እንግዲህ ነገሩ በዓመት አልተከታተለም እንጂ በምክንያት ተከታትሏል። የሞት ወሬ ስለ መጣ ሊዛ ታሰበች፤ ሊዛ ስለ ታሰበች የእናት ፍርሃትና ውርደት ታሰበ፤ የእናት ውርደት ስለ ታሰበ ተራኪው ሚስቱን እንዴት እንደሚያናግር ይታያል። ከማተሚያ ቤቱ በኋላ የሚመጣው እሱ ናታሊያን በነገር የሚወጋበት ትዕይንት ነው። አባት እናትን፣ ልጅ ሚስትን። ናታሊያ ልጇ ኢግናት ከአባቱ ጋር ቢኖር ይሻለው እንደ ሆነ ስትጠየቅ፣ ተመልካቹ የአምስት ዓመቱን አሌክሴይን ያስታውሳል። የጊዜን ሥርዓት ማፋለስ በራሱ ጥበብ እንዳልሆነ ለሙያ ባልደረቦች መንገር አያስፈልግም፤ «መስተዋት» የሚቆመው እያንዳንዱ መዝለል የአንድን ሰው ዕዳ ስለሚቆጥር ነው። ናታሊያ በፊልሙ ውስጥ ለራሷ የምትናገርበት ጊዜ ማነሱ ግን እውነት ነው፤ ዕዳውን የሚቆጥረው ዕዳ ያለበት ሰው ብቻ ነው።

ይህም ሥርዓት በጽሑፉ ላይ የነበረ ሳይሆን በቅንብር ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ነው። ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ታርኮቭስኪና የፊልም አቀናባሪዋ ሉድሚላ ፌይጊኖቫ ከሃያ የሚበልጡ የተለያዩ ቅንብሮች ሠርተዋል። ለውጡ የአንዳንድ ቀረጻዎች መተካካት አልነበረም፤ የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ሁሉ ይፈርስና እንደገና ይገነባ ነበር። ሚሻሪን እንደ ተረከው፣ ሕፃናት ፊደል እንደሚማሩበት ዓይነት ኪስ ኪስ ያለው ጨርቅ ተዘጋጅቶ የየትዕይንቱ ስም የተጻፈበት ካርድ ከኪስ ወደ ኪስ ይዘዋወር ነበር። ፊልሙ እንደማይቆም፣ ስሕተቱም ከመሠረቱ እንደ ሆነ አዘጋጁ የፈራበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ተስፋ ሊቆረጥ ሲል፣ ካርዶቹ በአንድ ዓይነት አሰላለፍ ሲቀመጡ ሁሉም ክፍል ሌላውን የሚሸከም ሆነ። በፊልሙ መግቢያ ላይ የሚታየው የሚንተባተብ ወጣት በሐኪም ተረድቶ አፉ ሲፈታ የሚያሳየው ትዕይንት ከርዕሱ በፊት የቆመው በዚህ ሂደት ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አንድ ሰው ለዓመታት ሊናገረው ያልቻለው ነገር መሆኑን ተመልካቹ በዚያ ይረዳል። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ በሚሆነው ፊልም ውስጥ ያሉት ቀረጻዎች ወደ 200 ብቻ ናቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ የሲኒማ ጉዳይ የመንግሥት ኮሚቴ ደስ አላለውም። ግልጽ አይደለም ተባለ። በ1975 ወደ ካን ፌስቲቫል እንዳይላክ ተደረገ፤ በአገር ውስጥም በጥቂት ኮፒ፣ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ እንዲታይ ተወሰነ። ታርኮቭስኪን ከባለ ሥልጣኖቹ ይልቅ የጎዱት ግን የሙያ ባልደረቦቹ ነበሩ። ኮሚቴውና የፊልም ሠሪዎች ማኅበር በጋራ ባደረጉት ስብሰባ ታላላቅ አዘጋጆች እየተነሡ ፊልሙ ለብዙኃኑ የማይገባ፣ በአንድ ሰው የግል ትዝታ የታጠረ መሆኑን ተናገሩ፤ ንግግራቸውም በማኅበሩ የሲኒማ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ከተናጋሪዎቹ አንዳንዶቹ ቀድሞ ወዳጆቹ ነበሩ። በዚያ ስብሰባ ማንም የፊልሙን ሦስት ዘመናት ለመለየት አለመቻሉ አይደለም ዛሬ የሚገርመው፤ የራሱን እናት ለማስታወስ አለመነሣሣቱ ነው።

ተራው ተመልካች ለሁለት ተከፈለ። ገንዘቡ እንዲመለስለት የጠየቀ፣ በግማሹ ተነሥቶ የወጣ፣ ከቁጣ የተነሣ ለአዘጋጁ ደብዳቤ የጻፈ ብዙ ነበር። የገዛ ልጅነታቸውን በፊልሙ እንዳዩ የጻፉም ብዙ ነበሩ። ታርኮቭስኪ ራሱ ይተርከው የነበረ አንድ ነገር አለ። ፊልሙ በታየበት አንድ አዳራሽ ተመልካቾች ምን ማለት እንደ ሆነ እስከ ምሽት ሲከራከሩ፣ አዳራሹን ጠርጋ ለመዝጋት የምትጠብቅ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሰለቻትና፣ ነገሩ ቀላል መሆኑን፣ አንድ ሰው ታሞ ሞትን ስለ ፈራ በሌሎች ላይ የፈጸመውን በደል ሁሉ አስታውሶ ይቅርታ ለመጠየቅ መፈለጉን ነገረቻቸው። ተከራካሪዎቹ ያላገኙትን አገኘች። ስንት ጊዜ እንዳየችው አይታወቅም፤ መጥረጊያዋን ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማ የሰማችው ብቻም ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የታርኮቭስኪ ሕይወት «መስተዋት»ን ወደ ፊት የቀጠለ ይመስላል። «ስታልከር»ን ሲሠራ በ1977 የተቀረጸው ፊልም ሲታጠብ ተበላሸ፤ በ1978 ልቡ ታመመ። ማሪያ ኢቫኖቭና በ1979 አረፉ። በ1982 «ናፍቆት» የተሰኘውን ፊልም ለመሥራት ወደ ኢጣሊያ ሄደ። ፊልሙ በ1983 ሲታይ ለእናቱ መታሰቢያ የተሰጠ ነበር፤ የመጨረሻው ምስልም ያ የገጠር ቤት በፈረሰ የኢጣሊያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች መካከል ቆሞ ያሳያል። በሐምሌ 1984 ሚላኖ ከተማ ላይ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት እንደማይመለስ አስታወቀ። ላሪሳ አብራው ነበረች። ሲወጣ የ11 ዓመት ልጅ የነበረው ሁለተኛው ልጁ አንድሬይ ግን ከሴት አያቱ ጋር ሞስኮ ቀርቶ ነበርና መውጫ ተከለከለ። ለአራት ዓመት ያህል አባትና ልጅ የተገናኙት በስልክና በደብዳቤ ነው። በ«መስተዋት» ውስጥ ፊቱ የማይታየው አባት ለኢግናት ስልክ ሲደውል የሚያሳየው ትዕይንት ከተቀረጸ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ይህን ግጥምጥሞሽ ማንም አዘጋጅ በፊልም ጽሑፍ ቢያመጣው ከመጠን አልፏል ይባል ነበር።

የመጨረሻውን ፊልም «መሥዋዕት»ን በ1985 በስዊድን ጎትላንድ ደሴት ሠራ። በዋናው ትዕይንት ቤት ይቃጠላል፤ ቀረጻው በመካከሉ ካሜራው ስለ ተበላሸበት ቤቱ እንደገና ተሠርቶ እንደገና ተቃጠለ። ፊልሙን ለልጁ ለአንድሬይ ሰጠ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ታወቀ፤ የቅንብሩን መጨረሻ የተከታተለው ከአልጋ ሆኖ ነበር። ሕመሙ ከተሰማ በኋላ በጥር 1986 ልጁ እንዲወጣ ተፈቀደለትና ፓሪስ መጣ። በግንቦት ፊልሙ በካን ሲሸለም ሽልማቱን የተቀበለው ይኸው የ15 ዓመት ልጅ ነው።

አንድሬይ ታርኮቭስኪ ታኅሣሥ 29 ቀን 1986 በፓሪስ በ54 ዓመቱ ሞተ፤ ከከተማው ውጪ በሚገኘው የሩሲያውያን ስደተኞች መካነ መቃብር በሴንት ዠኔቪየቭ ዴ ቧ ተቀበረ። አባቱ በግንቦት 1989 አረፉ። በ1990 የሶቪየት መንግሥት የሌኒንን ሽልማት ለሟቹ አዘጋጅ ሰጠው። «መስተዋት» ግልጽ አይደለም ከተባለ 15 ዓመት ሆኖ ነበር፤ ከፊልሙ እናትና አባትም በሕይወት የቀረ አልነበረም።